ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ መብላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወተት ሆዱን የሚያስቸግረው ሰው አለ። አለርጂ ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ አለ። በራሱ ምርጫ የወተት ተዋጽኦ የተወም አለ። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ታዲያ ምን ልብላ?»

መልሱን ከሱፐርማርኬት ከመፈለጋችሁ በፊት የጾም ምግባችንን ተመልከቱት። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ የገናን ጾም ደምሩ። ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይበላሉ። ሙያው በእጃችን ነው። የሚቀረን የጾሙን ምግብ የዘወትር ማድረግና የሚጎድለውን መሙላት ነው። የሚጎድል ነገር መኖሩን ደግሞ መደበቅ አይገባም። ከታች በግልጽ አስቀምጬዋለሁ።

ወተት በጠጣሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋል። ምን ሆኜ ነው?

ምናልባት ላክቶስ አልስማማችሁ ብሎ ይሆናል። ላክቶስ ወተት ውስጥ ያለ ስኳር ነው። ትንሹ አንጀት ይህን ስኳር የሚሰባብረው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲያንስ ላክቶሱ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጣል፤ አንዳንዱን ያስቀምጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ የሚጀምረው ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ግን ቶሎ አትደምድሙ። ጃርዲያ የያዘው ሰው አንጀቱ ስለሚጎዳ ለጊዜው ወተት ላይስማማው ይችላል። ሲታከም ይመለስለታል። ያልፈላ ወተት ጠጥቶ ትኩሳት ያደረበት ሰው ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ እሱ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ምርመራው ይቅደም።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጋችሁ ለሁለት ሳምንት ወተትና ወተት ያለበትን ነገር ሁሉ ተዉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻውን ጠጡ። ልዩነቱ ራሱ ይነግራችኋል። አለርጂ የምትጠረጥሩ ከሆነ ግን ይህን ሙከራ በራሳችሁ አታድርጉ።

እኛ እኮ ከብት አርቢ ሕዝብ ነን። እንዴት ወተት አይስማማንም?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ መልሱ የአገራችንን ታሪክ ስለሚነካ። በተፈጥሮ የሰው ልጅ ላክቴዙ ጡት ከተወ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ነው። ስለዚህ በሽታ ብሎ ከመጥራት የተለመደው የሰውነት ጠባይ ማለት ይቀላል። ለየት ያሉት አዋቂ ሆነውም ኢንዛይሙ የማይቀንስባቸው ናቸው።

ይህ ለየት ያለ ጠባይ ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ ከብት በሚያረቡ ሕዝቦች መካከል በየቦታው ለየብቻው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦች ላይ ተደርጎ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካውያኑ የዘረ መል ለውጥ ከአውሮፓውያኑ የተለየ መሆኑን አሳየ። ቆይተው የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሳይሆን በርካታ ዓይነት ለውጦች አግኝተዋል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ወንድምየው ሊትር ወተት ጠጥቶ ምንም ሳይለው፣ እህትየው በአንድ ብርጭቆ ብትሠቃይ የሚገርም አይደለም። «ሞልቃቃ ናት» ማለት ተገቢ አይደለም።

እርጎም፣ አይብም፣ ቅቤም ልተው?

ችግራችሁ ላክቶስ ብቻ ከሆነ፣ አይደለም። የላክቶሱ መጠን ከምግብ ምግብ ይለያያል።

ወተት ከሁሉም ብዙ አለው። እርጎ ላይ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል አስቀድመው ስለሚበሉት ለሆድ ይቀላል። አይብ ሲሠራ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል፤ አጓቱን ግን አትጠጡ። ንጥር ቅቤ ውስጥ የሚቀረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ብዙ ሰው ወተት የማይስማማው ሆኖ ሳለ ክትፎውን በቅቤ በልቶ ሰላም የሚያድረው ለዚህ ነው።

ደግሞም አብዛኛው ላክቶስ የማይስማማው ሰው አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ያለውን ያህል፣ ወደ 12 ግራም፣ በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን ብዙ ሳይቸገር ይወስዳል። ማኪያቶ ላይ ጠብ የምትለው ወተት ከዚህ በጣም ታንሳለች። የራሳችሁን ልክ እወቁ። ሳያስፈልግ ሁሉንም መከልከል ራስን መቅጣት ነው።

አለርጂ ከዚህ በምን ይለያል?

በሁሉም። አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥር የሚመጣ ነው። ስኳሩን አይመለከትም። ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት፣ ማስታወክ፣ ሲከፋ የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። በብዛት የሚታየው ሕፃናት ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

እዚህ ላይ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ይላታል» የሚባል ነገር የለም። ንጥር ቅቤ ውስጥ እንኳ የፕሮቲን ርዝራዥ ይቀራል። ላክቶስ የወጣለት ወተትም ፕሮቲኑ አልወጣለትም። ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የፍየል ወይም የግመል ወተትስ?

ለላክቶስ ችግር መፍትሔ አይደሉም፤ ሁለቱም ላክቶስ አላቸው። ለአለርጂ ደግሞ የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተቱ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አለርጂ ላለበት ልጅ አደገኛ ነው። የግመል ወተት ፕሮቲኑ በመጠኑ ይለያል፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም ለአለርጂ ልጅ አይሰጥም።

ወተት ካቆምኩ አጥንቴስ?

ትክክለኛ ስጋት ነው። አዋቂ ሰው በቀን ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች 1,200 ይመከራል። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት ወደ 300 ይሰጣል። እሱን ስታነሱ ቦታው ባዶ እንዳይቀር።

ከጤፍ እንጀምር። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ። የነጭ ስንዴ ዱቄት 20 እንኳ አይሞላም። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ሰውነት የተሻለ ያገኛል። ውጭ አገር ያላችሁ ልብ በሉ፦ ብዙ ቦታ የሚሸጠው እንጀራ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሩዝ ጋር የተቀላቀለ ነው። ጤፉ ባነሰ ቁጥር ካልሲየሙም ያንሳል። ስትገዙ ጠይቁ።

ቀጥሎ ጎመን። አንድ ኩባያ የበሰለ ጎመን እንደ ዓይነቱ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ሰሊጥም ጥሩ ነው፣ በተለይ ያልተፈተገው። ካልሲየሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ነጭ ሆኖ የተፈተገው ብዙውን አጥቷል። እስራኤልና ዐረብ አገር ያላችሁ ጣሂኒ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ለጣሂኒ ከሚፈለጉት ሰሊጦች አንዱ የሁመራ ሰሊጥ ነው፤ እስራኤል ውስጥ የምትበሉት ጣሂኒ ከአገራችሁ የተጫነ ሰሊጥ ሊሆን ይችላል። ካልተፈተገ ሰሊጥ የተሠራውን ምረጡ።

ኮንሶ ውስጥ የሺፈራው ቅጠል የዘወትር ምግብ ነው። በካልሲየም የታወቀ ቅጠል ነው፤ ዱቄቱም ከተማ ውስጥ ይገኛል። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ሰርዲን ከነአጥንቱ ብሉ። 90 ግራም ገደማ የምትመዝን አንድ ቆርቆሮ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ትበልጣለች። ካልሲየሙ ያለው ለስላሳዋ አጥንት ውስጥ ነው፤ አውጥታችሁ ከጣላችሁት የለም።

አሁን እውነቱን እንደምር። 150 ግራም ጤፍ ወደ 270፣ አንድ ኩባያ ጎመን ወደ 200፣ ሁለት ማንኪያ ያልተፈተገ ሰሊጥ ወደ 170። ተደምሮ ከ650 አይዘልም፤ የሰሊጡም ሁሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እንጀራና ጎመን ይበቃል የሚላችሁን አትስሙ። ቀሪውን ካልሲየም በተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት፣ በሰርዲን፣ ወይም ሐኪም ካዘዘው በእንክብል ሙሉ።

ቆስጣስ? አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ አንድ አይደል?

አይደለም። ቆስጣና ስፒናች ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት አለ። ካልሲየሙን ጠፍንጎ ይይዘዋል። ከስፒናች ካልሲየም ሰውነታችን የሚያገኘው 5 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከወተት ወደ 30 ከመቶ ያገኛል። ጎመን ኦክሳሌቱ አነስተኛ ስለሆነ ከወተትም የተሻለ ይለቃል። ቆስጣ ለሌላ ጥቅሙ ብሉት፤ ለካልሲየም ግን ጎመን።

ፕሮቲን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ አይጎድለኝም?

ፕሮቲን አያሳስባችሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ በየቀኑ ማዕድ ላይ ካሉ እህልና ጥራጥሬው ተደጋግፎ ይሞላል።

ቢ12 የተለየ ነው። ከእንስሳት ምግብ ውጭ በቂ ሆኖ አይገኝም። ወተት ብቻ ትታችሁ ሥጋ፣ እንቁላልና ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ችግር የለም። በጾም ወቅት ብቻ የምትከለክሉም ብትሆኑ ጉበት የሚያከማቸው ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ምግብ ሁሉ የራቃችሁ ግን ቢ12 በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ የግድ መውሰድ አለባችሁ። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ እጥረቱ ነርቭ ይጎዳል።

ቫይታሚን ዲን ቆዳችን ከፀሐይ ይሠራዋል። ጥቁር ቆዳ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ እጥረቱ በስፋት ታይቷል። አውሮፓና አሜሪካ በክረምት፣ ዐረብ አገር ደግሞ ሙቀቱን ሸሽታችሁ ቤት ውስጥ የምትውሉ ሁሉ ብትመረመሩ ደግ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ አዮዲን። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው አዮዲን የሚያገኘው ከወተት ነው። የተክል ወተቶች አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። አዮዲን ያለበት ጨው ተጠቀሙ።

ከሱቅ ከሚገዙት የተክል ወተቶች የትኛው ይሻላል?

የአኩሪ አተር። በብርጭቆ ወደ 7 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የላም ወተት 8 ነው። የአጃ ወተት 3 ገደማ ነው። የአልሞንድ 1 ነው። የሩዝ ከዚያም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2025 የነበረው የአሜሪካ የምግብ መመሪያ ከተክል ወተቶች መካከል ከወተት ተዋጽኦ ምድብ የቆጠረው ካልሲየምና ቫይታሚን የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነው። ሌሎቹን አልቆጠረም። የአልሞንድ ወተት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ውሃ እንደመግዛት ነው የምቆጥረው፤ ጣዕሙን የወደደ ይጠጣ፣ ምግብ ነው ብሎ ግን አይታለል።

ካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ ስኳር ያልተጨመረበት መሆኑን፣ ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን፣ ቢ12 መኖሩን። «ኦርጋኒክ» የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ ካልሲየም አይጨመርበትም። ከመቅዳታችሁ በፊት በደንብ ናጡት፤ ካልሲየሙ ከሥር ስለሚዘቅጥ ካልተናጠ ካርቶኑ ውስጥ ቀርቶ ይጣላል።

ካርቶኑ ውድ ነው። ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?

አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው። ሦስት ምርጫ አለን።

የመጀመሪያው ሱፍ። ሱፉን ልቀሙና ሳይጠቁር ለብ ለብ አድርጋችሁ አምሱት። ከጠቆረ ወተትነቱ ይጠፋል፣ መረር ይላል። ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት ወይም በብሌንደር ፍጩት። ለአንድ ኩባያ ሱፍ አራት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩና በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ጨርቁን ጠምዝዛችሁ ስትጨምቁት የሚወርደው ነጭ ፈሳሽ ወፍራም ወተት ይመስላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ገብቶበት ፍትፍት ሲሆን ታውቁታላችሁ። ጨው ብቻ አድርጋችሁ አልጫ ላይ ብትጨምሩት ደግሞ ክሬም የገባበት ያህል ያለሰልሰዋል። ይህን ብዙ ሰው አልሞከረውም፤ ሞክሩት።

ሁለተኛው ኦቾሎኒ ነው። ቆልታችሁ፣ ልጣጩን አውጥታችሁ፣ በውሃ ፍጩት። ለጠዋት አጥሚት ወይም ለሻይ ጥሩ ነው። የሻገተ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ካያችሁ ጣሉት፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ቢቆላም አይጠፋም።

ሦስተኛው አኩሪ አተር ነው፤ ሙሉ ምግብ የሚሆነው እሱ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፉት። ጠዋት በእጃችሁ አሽታችሁ ልጣጩን አንሳፉና አስወግዱ። ለሁለት ኩባያ አኩሪ አተር ስምንት ኩባያ ያህል ውሃ አድርጋችሁ ፍጩ። ውሃው የፈላ ቢሆን ያ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ይቀንሳል። አጥልሉና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አፍሉት። ማፍላቱን እንዳትዘሉ፤ ጥሬው አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው። ከምድጃው አትራቁ፣ አረፋው ድንገት ገንፍሎ ይፈስሳል። ከጨርቁ ላይ የሚቀረውን ዱቄት አትድፉት፤ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ይገባል።

ሦስቱም ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆዩም። ካልሲየም ደግሞ የላቸውም ማለት ይቻላል። የወተትን ጣዕምና አገልግሎት እንጂ ካልሲየሙን አይተኩም።

ቅቤ የሌለው ወጥ አልጥም አለኝ።

አምናችኋለሁ። ግን ቅቤ ላይ የምንወደው ሽታ ብዙው የማንጠሪያው ቅመም ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ። እነዚህ ለቅቤ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ዘይትም ውስጥ መዓዛቸውን ይለቃሉ።

ግማሽ ሊትር ዘይት ብረት ድስት ውስጥ አድርጉ። እሳቱን ዝቅ አድርጉ። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ከትፋችሁ ጨምሩ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትሉ። ሽንኩርቱ ወርቃማ መሆን ሲጀምር የተፈጨ ኮረሪማ፣ ደረቅ ኮሰረትና በሶብላ፣ ትንሽ አብሽ፣ የእርድ ጫፍ ጨምሩ። እንዲፈላ አትፍቀዱ፤ ጢስ ካወጣ ቅመሙ አርሮ ይመራል። 20 ደቂቃ ያህል እንዲህ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ቤቱ ቅቤ የተነጠረበት ቤት ሲሸት በጥሩ ማጥለያ አጥልሉት። ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ አስገቡትና በሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ውጭ ሲቀመጥ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያፈራ ስለሚችል ቁም ሳጥን ላይ አይቀመጥም።

አንዳንዶች ቅቤውን በኮኮናት ዘይት ይተኩታል፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ቅቤ ይመስላል። ልብን የሚጎዳው ጠጣር ስብ ግን ኮኮናት ላይ ከቅቤም ይበልጣል። ለዘወትር አልመክረውም።

ሌላው ምሥጢር ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ፣ እስኪሟሟ አቁላሉት። ዘይቱ ከዚያ ይግባ። በርበሬው ጥሬነቱ እስኪለቅ ታገሡት። መከለሻውን ሊወጣ ሲል ጣል አድርጉ። የጾም ሽሮአቸው ከፍስኩ የሚጥም እናቶች ሚስጥራቸው ትዕግሥት ነው።

አይብ በምን ልተካ?

ከላይ በሠራችሁት የአኩሪ አተር ወተት። ስምንት ኩባያው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረፍ። አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በትንሽ ውሃ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ አንዴ ሁለቴ ብቻ አማስሉ። ወተቱ ይቋጥርና ቢጫ ውሃ ይለቃል። ካልቋጠረ ሎሚ ጨምሩ። በጨርቅ አጥልላችሁ አንጠልጥሉት። ብዙ ከተጫኑት ይደርቃል፤ አይብ እንዲመስል እርጥበቱ ትንሽ ይቅር። ጨው፣ ጤና አዳም፣ ትንሽ ኮሰረት አድርጋችሁ በእጅ ፈርፍሩት። ከጎመን ጋር ሲቀርብ ደስ ይላል። የላም አይብ ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁት አይደለም፤ በራሱ ግን ጥሩ ምግብ ነው።

ወጡ ሲያቃጥል የማበርድበት እርጎስ?

ስልጆና እልበት አሉን እኮ! ስልጆ ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍ ውሃና ከሰናፍጭ ተሠርቶ ለቀናት የሚብላላ ነው። ኮምጠጥ ይላል፣ አፍንጫን ነቅነቅ ያደርጋል። እልበት ደግሞ ከጥራጥሬ ዱቄት ተገንፍቶ እስኪነጣና እስኪኩረፈረፍ የሚመታ ነው። ሁለቱም ከበያይነቱ ጥግ የምትቀመጥ ጭላፊ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ከዘወትር ምስር ወጥ ጋር አቅርቧቸው። ብዙ ከተማ ያደጉ ልጆች ስማቸውን እንኳ አያውቁም፤ ከአያቶቻችሁ ሳይረፍድ ተማሩ።

ማኪያቶዬንስ?

በጾም ወቅት በአኩሪ አተር ወተት የሚሠሩ ካፌዎች አሉ። ቤት ውስጥ ስትሠሩ ወተቱ እንዳይቆራረጥ ለብቻው አሙቁትና ቡናውን ወደ ወተቱ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ቀዝቃዛ የአኩሪ አተር ወተት የፈላ ቡና ላይ ከገባ ይቋጥራል። አረፋ ከፈለጋችሁ የአጃ ወተት ይሻላል። ስፕሪስም አለች።

ለልጄ የተክል ወተት ልስጥ?

ከአንድ ዓመት በታች፣ አይሆንም። የእናት ጡት ወይም ለሕፃን የተዘጋጀ ወተት ብቻ። ሱፍም ሆነ አኩሪ አተር ቤት ውስጥ ተጨምቆ ጡት አይተካም።

«ሕፃኑ ላክቶስ አልተስማማውም» ተብሎ ጡት የሚያስጥሉ አሉ። አታድርጉት። የእናት ጡት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ ሕፃኑም የተፈጠረው ለዚያ ነው። ከወሊድ ጀምሮ ላክቴዝ የሌለው ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው። አለርጂ ከተጠረጠረ ሐኪሙ እናትየው ራሷ ወተትና ቅቤ እንድታቆም ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ የአራስ ቤት ሰዎች ይቸገራሉ፤ ገንፎውም አጥሚቱም በቅቤ ነውና። ከላይ ያለው በቅመም የተነጠረ ዘይት ይሠራል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ወተት የማይወስድ ልጅ ካልሲየም የተጨመረበት፣ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ወተት ሊጠጣ ይችላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሩዝ ወተት እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ምክንያቱ ሩዝ ውስጥ የሚገኘው አርሴኒክ ነው። የልጁን ክብደትና ቁመት በየጊዜው አስለኩ።

ሳላውቅ ወተት የምበላው የት ላይ ነው?

ቤት ውስጥ ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ችኮ፣ እርጎ የተደረገበት ፉል። ምግብ ቤት ደግሞ ሽሮ። ሽሮ ተብሎ ብቻ ከታዘዘ ቅቤ ጣል ሊደረግበት ይችላል። «ወተት አይስማማኝም» ብላችሁ ከምታብራሩ «የጾም ይሁንልኝ» በሉ። አስተናጋጁም ወጥ ቤቱም በአንድ ቃል ይገባቸዋል። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጭልፋውና ድስቱም የተለየ መሆኑን ጨምሮ መጠየቅ አለበት።

የታሸገ ምግብ ላይ «ሚልክ»፣ «ዌይ»፣ «ኬዚን»፣ «ኬዚኔት»፣ «በተርሚልክ» የሚሉትን ፈልጉ። ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ማርጋሪን፣ የታሸገ ሾርባ ውስጥ ይገባሉ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ወተት ካለበት እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። ለቡና የሚሸጠው የክሬም ዱቄት «ወተት አልባ» ተብሎ ኬዚኔት ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ የወተት ፕሮቲን ነው።

እስራኤል ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። «ፓርቬ» የተባለው ወተትም ሥጋም የሌለበት ነው፤ «ሃላቪ» ከተባለ ወተት አለበት። አሜሪካም «ፓርቬ» የሚል ምልክት ያለባቸው ዕቃዎች አሉ። ለጾም የምትገዙ ከሆነ ግን ፓርቬ እንቁላልና ዓሣን ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩን አንብቡ።

ሰው ቤት ስሄድ ምን ልበል?

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ማዕድ ላይ ተቀምጦ «አልበላም» ማለት ባለቤቷን ያሳዝናል፤ ቀድሞ የሰማች ግን ለብቻ ጨልፋ ታስቀምጣለች። «ሆዴን ያመኛል» በቂ ነው። «ትንሽ ቅመሺ፣ በሞቴ» ከተባለ፣ አለርጂ ላለበት ሰው እምቢታ ነውር አይደለም። ላክቶስ ብቻ ከሆነ ቅቤ የነካው ወጥ አንድ ጉርሻ ምንም አያደርግም፤ ተቀበሉ።

ወተት እስከ ዘላለሙ ነው የምተወው?

ላክቶስ ከሆነ ላይሆን ይችላል። ሆዳችሁ ከተረጋጋ በኋላ በእርጎ ጀምሩ፤ ሦስት አራት ማንኪያ ከምግብ ጋር። ከተስማማችሁ አይብ፣ ቀጥሎ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ወተት ከቁርስ ጋር። በባዶ ሆድ አይሁን። የት ላይ ሆዳችሁ እንደሚቃወም ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ በታች ቁሙ። አለርጂ ላለበት ልጅ ግን እንደገና ማስጀመሩ የሚደረገው ሐኪም ባለበት፣ ክሊኒክ ውስጥ ነው።